ምስጋናው ሆይ፣ ካርድህ አልነበብ አለኝ

ውድ ባለቤቴ ምስጋናው፣

ከተለያየን ዛሬ አሥራ አንድ ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነን። እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጠይቅህ አስቤ ተውኩት፤ መመለስ የማትችለውን መጠየቅ ነገር መፈለግ ነው። እኔ ደህና ነኝ ልልህም አሰብኩ፤ እሱን ደግሞ አታምነኝም። እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኝ ነው የከረመው። ይህችን ደብዳቤ እንኳ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ነው የምጽፍልህ፤ ወንበሩ ከኋላዬ እያለ። ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ሰው ሲመጣ አቋርጣለሁ፣ ሲሄድ እቀጥላለሁ። አንዱ ነገር ከሌላው አልገጥም ካለህ እንደ ልማድህ አትሳቅብኝ።

ቤቱ ያው ነው ብልህ ውሸት ይሆንብኛል። ወንድምህ ሞላ የሚያፈሰውን ጣሪያ በሁለት አዲስ ቆርቆሮ ለወጠልኝ፤ ዘንድሮ ክረምቱን ባልዲ ሳልደቅን ከረምኩ። ቀኑን ሙሉ ስለሚጮህ «ካድሬው» ብለህ ስም ያወጣህለት አውራ ዶሮ ለፋሲካ ታረደ። ከዚያ ወዲህ ግቢው ጭር ብሏል፤ ማን ያስበዋል እል የነበርኩት ሴትዮ እሱንም ናፈቅኩት። መብራት እንደ ወትሮው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ከእኛ በታች ሁለት ሆቴል ተጀምሮ አሸዋና ድንጋዩ መንገዱን ዘግቶታል። ለገና የሚመጣው ሕዝብም ከወዲሁ እየገባ ነው። ትናንት ከሰቆጣ በኩል በእግራቸው የመጡ ሰዎች በረንዳችን ላይ አርፈው እግራቸውን አጠብኩላቸው። አንተ ብትኖር መጀመሪያ ፎቶ ታነሳቸው ነበር፤ ውሃው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ፎቶ ቤቱን አልዘጋሁትም። ሰው ሁሉ ትዘጋዋለች ብሎ ነበር፤ ለዚያም ይሆናል ያልዘጋሁት። ሞላ ከወልድያ ትንሽ ካሜራ አምጥቶልኝ በእሷ እሠራለሁ። ሰው ስታነሺ ትንፋሽሽን ያዢ ያልከኝን አልረሳሁም፤ ችግሩ እኔ ስይዝ የሚነሳውም ሰው አብሮኝ ይይዛል፣ ፎቶው ላይ ሁሉም የታነቀ ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ስዞረው ቆየሁ።

ምስጋናው፣ ፊትህ እየጠፋብኝ ነው። ድምፅህ አለ፤ አረማመድህ አለ፤ በር ስትገባ ትከሻህን የምታዘነብልበት አለ። ፊትህን ግን ልያዘው ስል ይሸሻል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት በእኔ ቤት ደረሰ። የላስታን ሰው ግማሹን በፎቶ ያነሳህ ሰው የራስህ ፎቶ የለህም። የሰርጋችን ፊልም ብርሃን ገብቶበት ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ያነሳውን ጓደኛህን ዓመት ሙሉ ሰደብከው። ከዚያ በኋላ የቀረችው የመታወቂያህ ጉርድ ፎቶ ናት፤ እሷንም በሃያ ዓመትህ ተነስተሃት፣ መታወቂያ ባሳደስክ ቁጥር ያንኑ ነጋቲቭ እያተምክ ትለጥፍ ነበር። ቀበሌም ዝም አለህ። እኔ ያገባሁትን ሰው ግን እሷ ላይ አላገኘውም። እሷ ላይ ያለው ቀጭን አንገት ያለው፣ ኮሌጅ ልግባ ወይስ ልነግድ የሚል ልጅ ነው።

የእኔስ ይሁን፤ የእናትህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። አንተ የሞትክ ዕለት እሳቸው አገራቸው ብልባላ ነበሩ። መርዶው በማግሥቱ ሲነጋ ነው የደረሳቸው፣ አንተ ከተቀበርክ በኋላ። «ፊቱን ሳላየው» የምትል አንዲት ቃል ይዘው ቀሩ። ስሄድ እሷን ነው የሚሉኝ፣ ስመጣም እሷን ነው የሚልኩብኝ። ዓይናቸው ደግሞ እንደምታውቀው ነው። ነሐሴ ላይ ወልድያ አስመረመርናቸው። ሐኪሙ ግራው ጠፍቷል፣ ቀኙ ደግሞ በጥጉ በኩል ትንሽ ይቀረዋል፣ እሱም ቢበዛ እስከሚመጣው ክረምት ነው አለን። የሚመለስ ሕመም አይደለም አለ። እናትህ መኪና ላይ ስንወጣ እጄን ያዙና «እንግዲያ ልጄን ቶሎ አሳይኝ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እግሬ የማይረጋው።

የማሳያቸው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ያኔ ታኅሣሥ ላይ፣ ከመታመምህ ሦስት ሳምንት በፊት፣ ብልባላ እናትህ አውድማ ላይ ሆነህ ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቅክልኝና አንድ ቀን እንኳ አንቺ አንሺኝ አልከኝ። እኔም ተጫንኩት፤ አንዴ ብቻ። ገናና ጥምቀት ተደራርበውብህ ወደ ላፕቶፑ ሳትገለብጠው አልጋ ላይ ዋልክ፤ ሳንባዬን አመመኝ ባልክ በስድስተኛው ቀን ሄድክ። ፎቶው ካሜራው ውስጥ ያለችው ካርድ ላይ ቀረ።

ካሜራውስ? እሱንም ልንገርህ፤ ሞላን ግን አትቆጣው። በአገራችን ለቅሶ የሟች ዕቃ እንደሚያዝ ታውቃለህ፤ የገበሬ ጅራፉ፣ የወታደር ጠመንጃው ተይዞ ይዞራል። አንተ ጅራፍም ጠመንጃም የለህ። ሞላ ካሜራህን ከፍ አድርጎ ይዞ ለቅሶው መሀል ገባ፣ «ዓይን የነበርክ» እያለ ሕዝቡን አስለቀሰው። ማንጠልጠያው ተበጠሰና ካሜራው ድንጋይ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለውም፤ እኔም አላልኩትም። ከአርባህ በኋላ ልከፍተው ብል አልነሳ አለ። ሞላ እስከዛሬ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል።

ካርዷ ግን ደህና ናት። ትንሽ፣ ቀጭን፣ ጥፍር የምታህል ናት፤ የእሷን ዓይነት ካርድ የሚቀበል መሣሪያ ግን በከተማው ውስጥ ጠፋ። ፎቶ ቤቶቹን ዞርኩ፤ ሁሉም የሌላ ካርድ ማንበቢያ ነው ያላቸው፣ የአንተ ካሜራ ካርድ በአሮጌ ሞዴል የቀረ ነው አሉኝ። ደሴ ላክኋት፤ ሳትነበብ ተመለሰች። ከዚያ አንድ ቀን ላፕቶፕህን ስወለውል ጎኑ ላይ ያለችውን ቀዳዳ አየኋት። አንተ ሁልጊዜ በገመድ ስለምትገለብጥ ለምን እንደተሠራች ጠይቄህም አላውቅ። ካርዷን ሳስገባት ልክክ አለች። እልልታዬን አፌ ላይ አፈንኩት፤ ደግም አደረግሁ፣ ምንም አልመጣም። መብራቷ አልበራ፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ብቅ አላለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወር በላፕቶፕህ ፊት ነው ያሳለፍኩት። ይምርሐነ ክርስቶስ የዋሻውን ግንብ እየለካ ወር የከረመው ፈረንጅ ካሜራውንም ላፕቶፑንም ሲሰጥህ ሰው ሁሉ በሚያውቀው ዊንዶውስ የሚሠራ ቢሆን ምን ነበረበት? ሊኑክስ ነው ብለህ እንደ ማዕርግ ታወራለት ነበር። ቫይረስ አይነካውም፤ እውነት ነው፣ ሰውም አይነካውም። ለማን ወስጄ ላሳየው? አንዱ የኮምፒውተር ጠጋኝ ሁሉንም ደምስሼ ዊንዶውስ ልጫንልሽ አለኝ። የአሥር ዓመት ሥራህ፣ ሙሽራው፣ ቄሱ፣ ተሳላሚው ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ላፕቶፑን ከእጁ ነጥቄ ስወጣ ቻው እንኳ አላልኩትም።

ደብተርህን አወጣሁ። ያ ጥቁር መስኮት ላይ የሚጻፉትን ትእዛዞች በአንድ በኩል፣ ፍቺያቸውን በአማርኛ በሌላ በኩል የጻፍክበትን። በባለቤት ሥልጣን ማዘዣው ቃል አጠገብ «ሱዶ ካላልሽው ጌታም ብትሆኚ አይታዘዝሽም» ብለህ ጽፈሃል፤ ለእኔ እንደጻፍከው አላውቅም ነበር። ለካ አንድ ቀን እንደሚያስፈልገኝ አስበህ ኖሯል። ያን ገጽ አነበብኩና ደብተሩን ዘግቼ ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞሬ መጣሁ።

በውስጥህ ያለውን ዕቃ ዘርዝር የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩለት። ዝርዝሩ ወረደ፤ መጨረሻው አካባቢ የካርድ ማንበቢያው አለ! ማለት ዕቃው አልሞተም። ማሽኑ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን ማስታወሻ አስወጣሁና ካርዷን አወጣሁ፣ አስገባሁ። አንድ መስመር አልጨመረም። አለ፣ ግን አይሰማም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህር፣ ሲሳይን ታውቀዋለህ፣ መጥቶ አየውና ድራይቨር የለውም አለኝ። ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም አልተጫነለትም ማለት ነው። ወልድያ ሲሄድ ከኢንተርኔት አውርዶ በፍላሽ አመጣልኝ። ዝግጁ ሆኖ አልመጣም ታዲያ፤ በጽሑፍ ነው የመጣው፣ ማሽኑ ራሱ አንብቦ ፕሮግራሙን መሥራት አለበት።

አስጀመርነው። ጽሑፉ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ሲሳይ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው ይላል። ከዚያ ቆመ። የመጨረሻውን መስመር ሲሳይ ተረጎመልኝ፤ አሁን የተፈጠረው ፋይል ከተላኩት ፋይሎች ይልቅ ያረጀ ነው፣ የሲስተምህን ሰዓት ተመልከት ይላል። ሰዓቱን ተመለከትን። ኅዳር ሰባት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ግድግዳው ላይ የሰበካ ጉባኤውን የቀን መቁጠሪያ አየን፤ ኅዳር ሰባት። ሲሳይ የእጁን ሰዓት አየ፤ ሦስት ተኩል። ልክ ነው አለኝ። እኔም ልክ ነው አልኩ። ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

ሰዓቱን ልክ ያደረግሁት እኮ እኔ ነኝ። ያኔ ላፕቶፑ በገባ ሰሞን፣ የገና በዓል ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው እንጂ ጃንዋሪ ምናምን አይደለም፣ ፎቶዬ ላይ የሰው ቀን አላስጽፍም ብለህ ዓመቱንም ወሩንም ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ሞላኸው። ማሽኑ ደግሞ የእኛን ወራት አያውቅም። ጥቅምትን ፌብርዋሪ ብሎ ስለሚቆጥረው ሃያ ዘጠኝና ሠላሳን አልቀበል ይልሃል፤ አንተ ትሰድበዋለህ። ሠላሳ አንድ የሚለው ቀን ሲመጣ በእጅህ ታስዘልለዋለህ። በጳጉሜ አምስቱን ቀን ጨርሶ አትከፍተውም ነበር፤ ማሽኑም ይጹም ትል ነበር። ደብተርህ ላይ «በየወሩ መጀመሪያ ቀኑን አስተካክይ» ብለሃል፤ እኔም አንተ ከሄድክ ወዲህ አንድ ወር ሳላጓድል አስተካከልኩት። የሙት ኑዛዜ ይመስል!

እና ሁለት ሳምንት ሙሉ የሌለ ጥፋት ስንፈልግ ከረምን። ሲሳይ ጽሑፉ ሲወርድ ተቆርጦ ይሆናል ብሎ ሁለተኛ አመጣው። ያው መስመር። ፍላሹ ይሆናል ብለን ፍላሽ ቀየርን። ያው። ሲሳይ ፍላሹ ላይ የፋይሎቹን ዝርዝር ሲያወጣ ቀናቸው ሰባት ዓመት ወደፊት ነው፣ «ይኼ ፍላሽ አብዷል» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ግን ሳንቸኩልም አፈሰስን። በመካከሉ ከብልባላ ሰው መጣ፤ እናትህ የሰጠኋቸውን ሻማ ሲያበሩ እሳቱን ሳይሆን ሙቀቱን ነው የሚያዩት ብሎ ነገረኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ላፕቶፑን ከነካርዷና ከነፍላሹ በነጠላ ጠቅልዬ ወደ ወልድያ ተነሳሁ። የሚያውቅ አንድ ሰው ይኖራል ብዬ ነው፤ ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም። ጋሸና ላይ ወርጄ የወልድያ መኪና ስጠብቅ ቆየሁ። ቆሜ፣ ተቀምጬ፣ መንገዱን አቋርጬ፣ ተመልሼ። የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚበሉበት ቤት ያላት ዘይነባ፣ ያቺ ስናልፍ ሁልጊዜ ቂጣ የምትጠቀልልልን፣ ከበር ጠራችኝ። «ነይ ግቢ እቴ፣ መኪናውን አንቺ አትወልጂውም» አለችኝ። ገብቼ ሻይ ያዝኩ። ከፊቴ ግድግዳው ላይ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ተሰቅሏል፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ ሾፌር ከጅቡቲ ያመጣላት የፈረንጅ። ዓይኔ ከአንዱ ወደ ሌላው ሄደ፣ ተመለሰ። ሰባት ዓመት!

ሻይውን እንዴት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ምስጋናው፣ ፍላሹ አላበደም ነበር። ዓለም ሁሉ በአንድ ዓመት ላይ ቆሞ ፋይል ይልካል፣ አንተ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቆመህ ትቀበላለህ። ማሽኑ አዲስ የሠራውን ከመጣለት ጋር ሲያስተያይ፣ የልጅየው ዕድሜ ከእናቲቱ በለጠበትና እምቢ አለ። ሰዓትህን ተመልከት ብሎ ቢለምነን እኛ ግድግዳ ላይ እያየን ልክ ነው አልነው። እዚያው ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ሾፌሮቹ ዞረው አዩኝ። ግትር! አልኩህ። ሰው በሞላበት ቤት ውስጥ የሞተ ባሌን ሰደብኩ።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ባትሪው ግማሽ ነበረው። ደብተርህን አውጥቼ ቀን መቀየሪያውን ትእዛዝ አገኘሁ፤ ከጎኑ «እንዳትነኪው» ብለሃል። እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። አንተ የነበርክበት ቀን ሁሉ፣ የኖርክበት ዓመት ሁሉ፣ እዚያች ጥግ ላይ በአንተ አቆጣጠር ይቆጥር ነበር። እኔ ብነካው የመጨረሻው በእጅህ የሞላኸው ነገር በእኔ እጅ የሚጠፋ መሰለኝ። ፈራሁ፤ በግልጽ ልንገርህ፣ ከቀብርህ ቀን ይልቅ ፈራሁ። ከዚያ የእናትህ ዓይን መጣብኝ። ይቅር በለኝ አልኩህና የፈረንጁን ዓመት፣ ወር፣ ሰዓት ሞላሁት።

ጽሑፉ እንደገና ወረደ። ሳይቆም ወረደ። የቆመበት ቦታ ላይ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ፤ አለፈው። ሲጨርስ ሱዶ ብዬ አዘዝኩትና ድራይቨሩን ጫነ። ካርዷን አስገባኋት። ከቀዳዳዋ አጠገብ፣ እኔ እስከዛሬ ቡሎን የመሰለችኝ ነጥብ አረንጓዴ በራች።

ፎቶዎቹ አንድ በአንድ መጡ። የጥምቀት ታቦት፣ የቄሶች ጥላ፣ በሬ ጀርባ ላይ የተኛች አንዲት ድመት። ካሜራህንም በእኛው አቆጣጠር ስለሞላኸው ማሽኑ አሁን ሁሉንም ስምንት ዓመት ያለፋቸው ናቸው ይለኛል። አልተከራከርኩትም፤ ለእኔም እንደዚያው ነው የረዘመብኝ። ከዚያ አንተ መጣህ። አውድማ በጫማ አይረገጥምና ባዶ እግርህን ነህ፤ ኮፍያህንም አውልቀህ በብብትህ ይዘሃል፤ ጭድ ትከሻህ ላይ። ጥቂት ዘንበል ብለሃል፤ ካሜራውን ጠምዝዤ ይዤው ነበር። እየሳቅህ ሳይሆን ልታርመኝ አፍህን ልትከፍት ስትል ነው የተነሳኸው። አንተ ነህ። ያ ፊት ነው የጠፋብኝ፣ ሊያርመኝ የሚከፈተው። ዘይነባ መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች፤ አየችህ፣ አወቀችህ። «ሶብር አርጊ እቴ፣ ታገሺ» እያለች ጀርባዬን ዳበሰችኝ። የወልድያው መኪና መጥቶ ሄደ።

ፎቶ ቤት ተመልሼ መብራት እስኪመጣ አንድ ቀን ተኩል ጠበቅሁ፤ ባለን ትልቁ ወረቀት ላይ አተምኩህ። ባለፈው ቅዳሜ በገበያ መኪና ብልባላ ሄድኩ። መኪናው ከቆመበት ከሴቶቹና ከአህዮቹ ጋር በእግር ገባሁ።

እናትህ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ወደ ቀኝ ዓይናቸው ጥግ አስጠጉት፣ አፍንጫቸው እስኪነካው። ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ፎቶ ግን ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ከታች ጀመሩ። ቀስ እያሉ ይወጣሉ። «እግሩ የአባቱ ነው» አሉ። «ቀበቶውን ዛሬም አጥብቆ ነው የሚታጠቅ» አሉ። ወደ ፊትህ ደረሱ፤ አገጭህ ላይ ቆዩ፣ አፍህ ላይ ቆዩ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ግንባርህ ወጡና እጃቸው ቆመ። ወረቀቱን አራቁት፣ መልሰው አስጠጉት። «ሸብቷል እንዴ?» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። ሦስት ዓመት ይሆነዋል፣ በግራ በኩል ነው የጀመረው አልኳቸው።

«መቼ ነው ልጄ የሸበተ? እኔ የት ሆኜ ነው?»

ስትመጣ ኮፍያህን ሳታወልቅ ነው ጉልበታቸውን የምትስም። የእሳቸው ዓይን መድከም የጀመረው አንተ ገና ከተማ ስትገባ ነው፤ አንተን ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ ያዩህ ያኔ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ጥላህንና ድምፅህን ነው ያወቁት። ለካ ዓመቱን ሙሉ ያለቀሱት ለዚያ ለመታወቂያው ልጅ ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ተነሡ። «ይህን ሰው አላለቀስኩለትም፤ ይኼ ጎልማሳ ነው፣ ለዚህ ገና አላለቀስኩለትም» ብለው ጮኹ። ከአውድማው ሰው ሁሉ መንሹን ጥሎ ሮጦ መጣ፣ አዲስ ሰው የሞተ መስሎት። ማን ነው? ማን ነው? ይላሉ። እናትህ ፎቶህን ከፍ አድርገው ያዙላቸው። ያን ጊዜ ማንም ምንም አልጠየቀ፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። እኔም በቀብርህ ቀን ማንን እንደማጽናና ሳላውቅ ስሯሯጥ ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩት፤ ሰው ሁለት ጊዜ ይሞታል ወይ ያለኝ የለም።

ሲበርድ እናትህ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ፎቶውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከእንግዲህ እንደማያዩት ያወቁ ይመስል ጠርዙን በጣታቸው ይዞራሉ። «እኔ ልጄን እስከ ሃያው ዓይቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያየሽው አንቺ ነሽ። ዓይኔ ካቆመበት ጀምረሽ ንገሪኝ» አሉኝ።

ምስጋናው፣ አስታውስሃለሁ ብሎ መማል ለሙት የሚነገር ደግ ቃል ነው፤ ሰው ይለውና ኑሮው ይወስደዋል። እኔም ይወስደኝ ይሆናል ብዬ እሰጋ ነበር። አሁን ግን አልችልም፤ የምረሳው ነገር ሁሉ ከእናትህ ላይ የሚጎድል ነው። ስለዚህ እንደ ሥዕል አሳምሬ አልይዝህም። ኩርፊያህን፣ የክረምት ሳልህን፣ ግትርነትህን፣ የሠራሁትን እያረምክ ያናደድከኝን ሁሉ እንዳለ እይዛለሁ። ገና እንዳለፈ ብልባላ እሄዳለሁ፣ በየወሩም እሄዳለሁ። የመጀመሪያዋን ሽበት ፀጉርህን ያየሁበትን ጠዋት፣ ንቀይልኝ ብለህ አንገትህን ደፍተህ የሰጠኸኝን፣ ከዚያ እጀምርላቸዋለሁ።

ብርቄ